የጀፎረው ማኅደር

የወታደር ታሪክ ሁሉ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አይገኝም። በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ለመስቀል አገር ቤት የገባ ሰው ክትፎውን በልቶ ሲያበቃ፣ በጀፎረው፣ ማለትም በጉራጌ መንደር መካከል በሚያልፈው ሰፊ መንገድ ዳር፣ ጆሮውን ለአዛውንቶቹ ቢሰጥ ሌላ ማኅደር ይከፈትለታል።

የትውልድ አገራቸው የጉራጌ አገምጃ እንደሆነ የሚነገርላቸው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ «አባ ነፍሶ» በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ በመድፈኛነት ተዋጉ። ከአርባ ዓመት በኋላም፣ በ1929 ዓ.ም.፣ በሽምግልናቸው ጣሊያንን ሲዋጉ ወደቁ። አዲስ አበባ ስማቸውን ለሆስፒታል ሰጥታለች። በስማቸው ሆስፒታል ያልተሰየመላቸውን ዘማቾች ግን ማን ያስታውሳል?

ቤተሰብ ነዋ! ከሣጥን ሥር የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት የደበዘዘ ፎቶ ይወጣል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳሊያ ይከተላል። ተራኪው የዘመቻውን ዓመት ቢስት ሌላው ሽማግሌ ያርመዋል፤ የጓዱን ስም ቢዘነጋ አሮጊቷ ከነአባቱ ትጠራዋለች። የዚህ ማኅደር ውበት እዚህ ላይ ነው፦ ጠባቂውም አራሚውም ብዙ ነው።

ዘንድሮ የልጅ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው የአዛውንቶቹን ድምፅ ይቅረጹ፤ ከፎቶው ጀርባም ስምና ዓመት ይጻፉ። ከጀፎረው ዳር የተሰማው ቃል ሳጥን ውስጥ ካለው ሜዳሊያ እኩል ይከበራልና።