ደህናውን እጅ የሚያሳርፈው ሕክምና

በስትሮክ ምክንያት፣ ማለትም ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ ግማሽ አካላቸው ለዛለ ሕሙማን ከተቀየሱት የተሐድሶ ዘዴዎች መካከል በሐሳቡ ድፍረት እጅግ የሚደነቀው፣ ደህናውን እጅ በወፍራም ጓንት ሸብቦ የደከመውን ማሠራት ነው። የዘዴው አባት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ፣ ከክንዳቸው ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች የተቆረጡባቸው ጦጣዎች ያንን ክንድ የሚተዉት ፈጽሞ ማንቀሳቀስ ስለማይችሉ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ሞክረው ስላልሆነላቸው መተዉን ስለሚለምዱ መሆኑን ተገነዘቡ፤ የሕሙማኑን ደህና እጅ መሸበብም ይህንኑ ልማድ ለመስበር ነው። ሕክምናው ግን እጅ መሸበብ ብቻ አይደለም፤ ታማሚው ለሁለት ሳምንታት ያህል፣ በየቀኑ ለሰዓታት፣ ኩባያ እንደ ማንሳት ያሉ ተግባራትን ቀስ በቀስ እያከበደ ይለማመዳል፤ ድግግሞሹም አንጎል የእንቅስቃሴ ክፍሎቹን መልሶ እንዲያደራጅ ይገፋፋዋል። አድካሚነቱ (አናዳጅነቱም ጭምር) አይካድም፤ አንጓውንና ጣቶቹን በጥቂቱ እንኳ ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰውም አይሆንም። ይሁንና 222 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው «ኤክሳይት» የተሰኘው የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ካጋጠማቸው ከ3 እስከ 9 ወራት ያለፋቸው ሰዎች በዚህ ዘዴ ያገኙት መሻሻል ከተለመደው ክብካቤ የላቀና ከአንድ ዓመት በኋላም ያልጠፋ መሆኑን አሳይቷል።