ስካውቱ ፎቶው ውስጥ የለም

ስሜን ተራሮች ደርሶ የመጣ ጓደኛችሁ ስልኩን ሲያወጣ ምን እንደሚያሳያችሁ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ፣ ከኋላው ጉም፣ ከጉሙ በላይ የሾሉ ተራሮች። ቀጥሎ ብቻዋን የቆመች ጅብራ። ቀጥሎ ዋልያ፣ በጣም ከሩቅ፣ ስልኩ አጉልቶ አጉልቶ ያደበዘዘው። እኔም ጋ አሉ፣ ሦስቱም። ስለዚህ ከላይ ሆኜ ልፈርድ አይደለም የተነሳሁት።

ከሳንቃበር ተነስተን ወደ ግጭ፣ ከዚያ ወደ ጨነቅ አራት ቀን ስንሄድ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻዬን አልነበርኩም። መሣሪያ ያነገተ ስካውት ነበር፣ አስጎብኚ ነበር፣ በቅሎ ነጂዎች ነበሩ፣ በግ የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ስመለስ ከ400 በላይ ፎቶ ቆጠርኩ። ስካውቱ ሁለቱ ላይ ብቻ አለ፤ በአንዱ ትከሻው፣ በሌላው ጥላው። ጥላውንም ልቆርጠው ሞክሬ ነበር።

ይሄን ያደረግኩት ክፉ ስለሆንኩ አይደለም። የዱር እንስሳ ፎቶ እንዲህ ነው ብሎ ያስተማረኝ ሌላ ፎቶ ነው።

ከአስተማሪዎቹ አንዱን እንየው፤ ያውም ከምርጦቹ። እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር፣ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ዘርፍ ያሸነፈው ጣሊያናዊው ሪካርዶ ማርኬጃኒ ነበር። ፎቶው የተነሳው እዚሁ ስሜን ነው። ሊነጋ ሲል አንዲት ጭላዳ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ ከገደሉ ብቅ ትላለች። ተራሮቹ ገና ጨለማ ናቸው። በለስላሳ ፍላሽ ፀጉሯ ብቻ ቡናማ ሆኖ ይበራል። የፎቶው ጉልበት ግን ብርሃኑ አይመስለኝም፤ አስተያየቷ ነው። ፊት ለፊት አታየንም፣ በጎን ገልመጥ አድርጋ ታልፋለች። ሥራ አላት። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ሣር ሊግጡ ነው የሚወጡት። ለእኛ ብላ አልወጣችም፣ ፎቶውም ይሄን ያውቃል። ልጇ ብቻ ነው በጉጉት የሚያፈጠው። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሳይ ዝም እላለሁ።

ከፎቶው ጋር የወጣውን ጽሑፍ ስታነቡ ግን ሌላ ሰው ይመጣል፤ ገና ጨለማ ሳለ ወደ ገደሉ ጫፍ የመራቸው አስጎብኚ። ጭላዳዎቹ በየት በኩል እንደሚወጡ የሚያውቀው እሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አለ፣ ያለ ስም። በፎቶው ውስጥ የለም፤ መኖርም የለበትም። አንድ ፎቶ ሁሉን ይያዝ ማለት ሞኝነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሺሁም ፎቶ አንድ ዓይነት ነገር ሲያስቀር ነው።

ደግሞ ሌላም የሚቀር ነገር አለ፤ እንስሳው ራሱ የሚለው። ወንዱ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ሲያወጣ ያለውን ፎቶ ስንቴ አይታችኋል? ከሥሩ «ሳቀልኝ» ተብሎ፣ ከሚስቁ ኢሞጂዎች ጋር። እሱ እኮ እየሳቀ አይደለም። ያ ፊት ውጥረት ሲኖር፣ ሲሰጋ ወይም ሌላውን ሊያበርድ ሲፈልግ የሚያሳየው ምልክት ነው። ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ሲያሳይ ደግሞ ግልጽ ማስፈራሪያ ነው። «ራቅ በል» የተባለ ሰው «እንዴት ተጫዋች ነው!» ብሎ ፖስት ያደርጋል ማለት ነው። እኔም በሁለተኛው ቀን መንጋው መሃል ለሰልፊ ስቀመጥ ስካውቱ ከኋላዬ «ተነሥ፣ ልጅ ይዛለች» አለኝ። እኔ ያየሁት ፀጉሯን ነበር። እሱ ያየው እጇን፣ ልጇን እንዴት እንደሰበሰበችው ነው።

ወደ ግጭ ልመለስ። የግጭ አምባ ላይ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ከሁሉ ያምራሉ፤ ሣር፣ ጅብራ፣ ሰማይ፣ ሌላ ምንም። ከሥራቸው «ሰው ያልደረሰበት ምድር» ብዬ ጽፌ ነበር። ውሸት ነው። እዚያ መንደር ነበር። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ግጦሹ አምባውን አራቁቶት እንደነበር እውነት ነው፣ ዋልያም ከዚህ ተራራ ውጪ አገር የለውም። የሰዎቹ መነሳት ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን በአንድ ጽሑፍ አልፈታውም። ግን ባዶነቱን እንደ ጥንት ተፈጥሮ አድርጎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። እኔ ያነሳሁት ባዶነት ካሜራዬን ካነገትኩበት ቀን ብዙም የማይርቅ ዕድሜ ነበረው።

ታዲያ ምን ዓይነት ፎቶ ይነሳ? አንድ የምወደው ምሳሌ ከባሌ አለ። በ2024 ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር ሲልስ ማየታቸውን አሳተሙ፤ ፎቶዎቹን ያነሳው አድሪየን ለሳፍር ነው። አይጥ አዳኝ ብለን የምናውቀው እንስሳ ችቦ የመሰለ ቀይና ቢጫ አበባ እየላሰ፣ አፍንጫው በብናኝ ቢጫ ሆኖ። ለእኔ ከብዙ የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አዲስ ነገር ይነግረኛል። ፎቶግራፈሩ ቸኩሎ አልሄደም፣ ቀበሮው ሥራውን እስኪሠራ ጠብቋል። የባሌ እረኛ ልጆችም ያንን አበባ ይልሱታል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ፎቶው ውስጥ ሰው ባይኖርም ባዶ መስሎ አይታየኝም።

በመጨረሻው ቀን ጨነቅ ላይ ስካውቱን «ጋሼ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኩት። ደስ አለው። ከገደሉ ፊት እንዲቆም ጠቆምኩት፣ ብርሃኑ እዚያ ነበራ። እምቢ አለ። ጋቢውን አስተካከለ፣ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ተራራውን በቀኙ ትቶ መኪናችን ከቆመበት መንገድ አጠገብ ሄዶ ቆመ። «እዚህ ጋ» አለኝ፣ «መኪናውም ይግባ።»