ጭሱና እንጀራው፦ ‹‹ኤ ስሞል ፕሌስ›› በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

የአጭር ቀን እንግዳ ስለ ደረሰበት አገር ሲጽፍ ጽሑፉ የሚመዘነው በምንድን ነው? ያየውን ሳይዋሽ መጻፉ ብቻ ይበቃል? ወይስ ያስተናገደው ሰው ጽሑፉ ሲነበብ ሰምቶ ‹‹አዎን፣ ይህስ የእኔ ቤት ነው›› ማለት አለበት? ይህን ጥያቄ የጫረብኝ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲዟዟር ቆይቶ እኔ ዘንድ የደረሰ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ጃማይካ ኪንኬይድ ትባላለች። መጽሐፉ ‹‹ኤ ስሞል ፕሌስ›› ይሰኛል፤ በእኛ ‹‹ትንሽ ቦታ›› ማለት ነው። የታተመው በ1988 ሲሆን (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም። በአንድ ማታ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የለም።

‹‹ጃማይካ›› የሚለው ስም አንባቢን እንዳያሳስት። ደራሲዋ የተወለደችው በ1949 አንቲጓ በተባለች የካሪብያን ደሴት ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ኢሌን ፖተር ሪቻርድሰን ሲሆን የአሁኑን ስም ለራሷ ያወጣችው በ1973 ነው። ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ አሜሪካ ተልካ በሰው ቤት ልጅ ስታሳድግ ቆየች። አንቲጓ 281 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋ ደሴት ነች። እንግሊዞች በ1632 ሰፈሩባት፤ ከአፍሪካ በተጋዙ ሰዎች ጉልበት የሸንኮራ አገዳ እርሻ አደረጓት። ባርነት የቀረው በ1834፣ ነጻነት የመጣው ደግሞ በ1981 ነው። ስኳሩ ሲያልፍ ቱሪስት ተተካ።

ከቅርጹ ልጀምር። መጽሐፉ ልቦለድ አይደለም፤ የጉዞ ማስታወሻም አይደለም። የጉዞ ማስታወሻ ተገልብጦ የተጻፈ ነው ብንል ይቀላል። በተለመደው የጉዞ ጽሑፍ ብዕሩ በእንግዳው እጅ ነው፤ ባላገሩ ዛፍና ተራራ መካከል ቆሞ ይገለጻል። እዚህ ግን ባላገሯ ብዕሩን ቀምታ እንግዳውን ትገልጸዋለች። ተጓዡ አንድ ሰው ነው፤ ስም የለውም። የመጣው ከአራት እስከ ዐሥር ቀን ለሚሆን ጊዜ ለመዝናናት ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጀምሮ ደራሲዋ ከጎኑ አትለይም። ታክሲ ይይዛል፤ ሹፌሩ በአሜሪካ ዶላር የተጋነነ ዋጋ ይጠራበታል። ሆቴል ገብቶ በመስኮት ባሕሩን ያያል፤ ልቡ ይረካል። እሷ ግን በጆሮው ሌላ ነገር ታንሾካሹካለች፦ ደሴቲቱ ደህና የፍሳሽ ማስወገጃ የላትም፤ የታጠብህበት ውሃ ልትዋኝበት ከተዘጋጀኸው ባሕር ሳይገባ አይቀርም።

ተጓዡን የምትጠራው በሁለተኛ መደብ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ጾታም አክብሮትም አይለይም። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይቸገራል፦ ‹‹አንተ›› ይበል፣ ‹‹አንቺ›› ወይስ ‹‹እርስዎ››? ‹‹አንተ›› ካለ ስድብ ይሆናል፤ በእኛ አገር ደጅ የደረሰ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አይባልም። ‹‹እርስዎ›› ካለ ደግሞ ቁጣው በአክብሮት ተሸፍኖ የበለጠ ይመርራል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር። ጋይንት ውስጥ ሰው ክፉኛ ሲቆጣ ‹‹አንቱ›› ማለት እንደሚጀምር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይዘቱን ስናይ በጣም የነካኝ ስለ ሰማይ የምትለው ነው። እንግዳው ዝናብ የሌለበትን ጥርት ያለ ሰማይ አይቶ ደስ ይለዋል። ያ ሰማይ ግን ለደሴቲቱ ሰው ድርቅ ነው፤ ወንዝ በሌለበት አገር እያንዳንዷ የውሃ ጠብታ ትቆጠራለች። እንዴ! ይህ የማን ታሪክ ነው? ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚሻገር ቱሪስት የሚመርጠው ጊዜ በጋው ነው። ጨጨሆ ላይ መኪናውን አቁሞ ገደሉን ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ሰማዩ ውብ ነው። በየካቲት የጉና ግርጌ ገበሬ ግን ያንኑ ሰማይ የሚያየው የበልግ ደመና ፍለጋ ነው። አንድ ሰማይ፣ ሁለት ንባብ። የመጽሐፉ ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ ሐሳቡን በመፈክር ሳይሆን በአንድ ሰማይ ታሳያለች።

ሁለተኛው ብርቱ ክፍል የቤተ መጻሕፍቱ ነው። በ1974 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የዋና ከተማው ቤተ መጻሕፍት ተጎዳ። ይጠገናል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈበት፤ መጽሐፉ ሲጻፍ ዐሥር ዓመት አልፎም አልተጠገነም ነበር። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2014 ነው፤ 40 ዓመት ማለት ነው። ደራሲዋ እዚህ ላይ ጣቷን ከቱሪስቱ አንስታ ወደ ራሷ አገር ሹማምንት ታዞራለች። ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ አሳብባ አለማለፏ ያስመሰግናታል። ስትጽፍበት የኖረችው ኒውዮርከር መጽሔት ይህን ሥራ ሳያወጣው መቅረቱን ሳስብ አይገርመኝም። ለማንም የማይመች መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ ምስጋናው ይህ ከሆነ ጉድለቱስ? ጉድለቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ እንግዳው አፍ የለውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነገረዋል እንጂ አይመልስም። ይባስ ብሎ የደሴቲቱ ሰዎችም ብዙ አይናገሩም፤ ስለ እነሱ የምትናገረው እሷ ነች፣ ያውም ከአሜሪካ ሆና። እዚህ ላይ የዳኛቸው ወርቁን ‹‹አደፍርስ›› (1962 ዓ.ም.) ማስታወስ ይጠቅማል። አደፍርስም የአጭር ጊዜ እንግዳ ነው፤ ለአገልግሎት ዓመቱ ሸዋ አርማንያ የወረደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የተማረውን ይደረድራል፤ ወይዘሮ አሰጋሽና ሌሎቹ ባላገሮችም በተረትና ምሳሌ፣ በወግና በሃይማኖት ይመልሱለታል። አንባቢው ማን እንደረታ በቀላሉ አይለይም። ልጁ የመጣው ሊያስተምር ነው፤ መልስ ያገኛል ብሎ ግን አላሰበም። ‹‹አደፍርስ››ን ከባድ መጽሐፍ ያደረገው ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ይህ ሙግት ነው። ኪንኬይድ ግን ሙግቱን ብቻዋን ገጥማ ብቻዋን ትረታለች።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የራሷ ሌላ መጽሐፍ ነው። በ2005 ባሳተመችው ‹‹አማንግ ፍላወርስ›› ውስጥ ደራሲዋ ራሷ ተጓዥ ሆና የአበባ ዘር ለመልቀም ወደ ኔፓል ትሄዳለች። ዕቃዋን የሚሸከሙላትን ሰዎች ስም መያዝ ያቅታታል፤ ጠረጴዛውን የሚሸከመውን ‹‹ጠረጴዛ›› ብላ ትጠራዋለች። ነገሩን አትደብቅም፣ ራሷ ትናገረዋለች። አንዳንድ አንባቢ ይህን አይቶ ‹‹ግብዝ ነች›› ሊል ይችላል። እኔ እንዲያ አልልም። ይልቅስ ቱሪስትነት የነጭ ወይም የሀብታም ጠባይ ብቻ አለመሆኑን፣ አንድ ሰው ለጥቂት ቀን በሌላ ሰው አገር ሲሆን በቀላሉ የሚይዘው በሽታ መሆኑን ነው የተማርሁበት።

በሽታው ደግሞ እኛንም ይዞናል። ስለ በጌምድር የጻፉ መንገደኞች ብዙ ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ1769 መጥቶ ያየውን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ በ1966 መጨረሻ ከምጽዋ ብቻዋን ተነስታ፣ ጆክ ብላ ስም ያወጣችለትን በቅሎ እየነዳች፣ የሰሜኑን ደጋ አቋርጣ አዲስ አበባ ገባች፤ መጽሐፏም በ1968 ወጣ። እነሱን መንቀፍ ቀላል ነው። ግን በየዓመቱ በዚሁ መጽሔታችን ላይ ‹‹የክረምት ትዝታዬ››፣ ‹‹አራት ቀን በገጠር›› እያልን የምንጽፈው እኛስ ማን ነን? ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የወጣን ልጆች ክረምት ሲመጣ ለጥቂት ሳምንት ወርደን፣ ደብተራችንን ሞልተን እንመለሳለን። መንደሩ ወይ ‹‹ውብ›› ነው፣ ወይ ‹‹ኋላ ቀር››። ሦስተኛ ቃል የለንም።

ከራሴ ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት ስማዳ አክስቴ ዘንድ አራት ቀን አድሬ አንድ ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ስለ ቤቱ ጭስ፣ ስለ ጥላሸቱ፣ ስለ ኩራዙ ብርሃን አሳምሬ ጻፍሁ፤ ጓደኞቼም ወደዱልኝ። በተከታዩ ክረምት ስወርድ ኩራት ቢጤ ይዞኝ አነበብሁላቸው። አክስቴ ቡና እየቆሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ ጭሱን ጻፍኸው፤ እንጀራውን የት አደረስኸው?›› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጣሁት በነሐሴ ነበር፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወር። የበላሁት እንጀራ ከጎረቤት በተበደሩት ጤፍ የተጋገረ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ እሱንም የነገሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ጎረቤቲቱ ናቸው። እኔ ድህነት ብዬ የጻፍሁት ቤት ለእኔ ሲል ዕዳ ገብቶ ኖሯል። ጽሑፌ ውስጥ ሐሰት አልነበረም፤ ግን ትክክል አልነበረም።

ኪንኬይድ የባሪያ ልጅ የጌታውን በደል የምትናገርበት ቋንቋ የዚያው የጌታው ቋንቋ ብቻ መሆኑን አምርራ ታነሳለች። እኛ ይህ ችግር የለብንም። አክስቴ ስለ እሳቸው የተጻፈውን በሚናገሩበት ቋንቋ ሰምተው፣ በዚያው ቋንቋ ሊነቅፉት ይችላሉ፤ ነቅፈውታልም። ይህ ለጸሐፊ ትልቅ ዕድል ነው፤ እኛ ግን አንጠቀምበትም።

ስለዚህ መጽሐፉን ያላነበበ ያንብበው፤ ቁጣውን ሳይሆን አስተያየቷን ይቅሰም። የመጽሔታችን አዘጋጆችም ከእንግዲህ የገጠር ትዝታ ሲቀርብላቸው ‹‹ይህን ላስተናገዱህ ሰዎች አንብበህላቸዋል ወይ?›› ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለኛል። እኔ ያን ጽሑፍ እንደገና እየጻፍሁት ነው። ጤፉም፣ ጎረቤቲቱም ገብተውበታል። ክረምት ስወርድ መጀመሪያ የሚያደምጡት አክስቴ ናቸው። እሺ ካሉ ለሚቀጥለው ዕትም እልካለሁ።