ቴስታታው ይቆይ

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣው ልጅ አንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ወጣና፣ «ጋሼ፣ መሬት ላይ ጠብታ የለም፤ ጭሱ ነጭ አይደለም፤ ዘይቱም ንጹሕ ነው። ታዲያ ውሃው የት ይገባል?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው፣ በቆርቆሮ አጥር የምንለያየው ጎረቤቴ ከወዲያ ሆኖ «ቴስታታውን አውርድና ታገኘዋለህ!» ብሎ ጮኸ። በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ ሁለታችንም ሸብተናል።

ጎረቤቴ ሰነፍ መካኒክ አይደለም። ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይኛውን ራስ ማለቴ ነው፣ ሲያስር ያየው ሰው ይመሰክርለታል። ግን ውሃ የሚቀንስ ሞተር ሁሉ ለእሱ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም የቴስታታው ማሸጊያ፣ የተቃጠለ ነው። እኔ ደግሞ ሞተር የሚናገረው ሳይፈታ ነው እላለሁ። ቴስታታው ከወረደ ውሃው ፈስሷል፣ ግፊቱም የለም። አሮጌ ጓርኒሲዮን ሲነሳ መላላጡ ስለማይቀር፣ ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ያው ጥፋተኛ ይመስላል። ባለመኪናው አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቶ፣ ቴስታታ አስልጦ ይሄዳል፤ ከሳምንት በኋላ ውሃው እንደገና ይቀንስበታል።

ስለዚህ እኔ የምሠራው ማታ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ከዚያ የግፊት መሞከሪያውን ፓምፕ ላዲያተሩ አፍ ላይ አስሬ፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ባር ገደማ፣ እነፋና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ለምን በቀዝቃዛው? ሞተር ሲግል ብረቱም ላስቲኩም ስለሚለጠጥ ትንሿን ክፍተት ይደፍናታል። ያመለጠችውም ጠብታ መሬት ሳትደርስ ተናለች። ቀን ሙሉ ደረቅ የነበረ የቱቦ ማሰሪያ ሌሊት በብርድ ሲላላ ያንጠባጥባል። ይህን ጎረቤቴ አያየውም፤ በዚያ ሰዓት ተኝቷል።

ጠዋት የፓምፑ ግፊት ጠቋሚ ወርዶ ካገኘሁት በባትሪ እዞራለሁ፤ የውሃ ፓምፑን ማንጠብጠቢያ ቀዳዳ፣ ወደ ጋቢና ማሞቂያ የሚሄደውን ቱቦ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን። ውጭው ደረቅ ከሆነ የካርተሩን፣ ማለትም የዘይት ማጠራቀሚያውን፣ ቡሎን ቀስ አድርጌ አላላዋለሁ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ወደታች ይወርዳል፤ ካለ ከዘይቱ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ከወጣ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት እጅጌ፣ ነው፤ ወይ የታችኛው የላስቲክ ቀለበቱ አርጅቷል፣ ወይ ራሱ ተበሳስቷል። ይህ መበሳሳት ለብዙ ሹፌሮች እንግዳ ነገር ነው። ፒስተኑ ካሚቻውን በመታው ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ከውጭ በኩል ባለው ውሃ ውስጥ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ብረቱ ላይ ይፈርሳሉ፤ እየቆየ ብረቱን እንደ ወንፊት ያደርጉታል። ከዚህ የሚከላከለው ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ከአዋሽ ወንዝ በጀሪካን ተቀድቶ የሚሞላ ውሃ ግን መድኃኒት የለውም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ሹፌሮች አሉ፤ ይሳቁ።

ካርተሩም ደረቅ ከሆነ ኢንጀክተሮቹን አውጥቼ ሞተሩን በእጅ አዞራለሁ። ውሃ የገባበት ሲሊንደር በቀዳዳው ይተፋዋል። ያኔ እኔም ቴስታታ አወርዳለሁ፤ የማወርደው ግን የትኛውን ሲሊንደር እንደምመለከት አውቄ ነው።

ልጁ ሥሩ ገብቶ የነበረው መኪና ጠቋሚው ሌሊቱን ንቅንቅ ሳይል አደረ። ሞተሩን ስናስነሳው ግን ላዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል። ጎረቤቴ አጥሩን ዞሮ መጣ፤ «አላልኩም?» አለ። አረፋ ሁሉ ከቴስታታ አይመጣም። የከባድ መኪና የፍሬን አየር የሚያመርተው ኮምፕረሰር በሞተሩ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ አየሩን እስከ 8 ባር ገደማ ይጨምቃል። የእሱ ትንሿ ጓርኒሲዮን ስትሄድ አየሩ ወደ ውሃው ይገባና ውሃውን በክዳኑ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ሁለቱን የኮምፕረሰር የውሃ ቱቦዎች ነቅለን ውሃው በእሱ በኩል እንዳያልፍ ካደረግን በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ብናስነሳው አረፋው ጠፋ። ጎረቤቴ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

የላዲያተሩ ክዳንም ቢሆን ይናቃል። አንድ የደሴ መስመር ሹፌር «አፋር በረሃ ላይ ደህና ነው፤ ጣርማበር ብርድ ላይ ግን ውሃ ይቀንስብኛል» ሲል ሰዎች ቀልድ መሰላቸው። ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማበር ደግሞ በ90 አካባቢ። ይህ ሞተሩ ሁልጊዜ የሚሠራበት ሙቀት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃውን እንዳይፈላ የያዘው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ቆላ ላይ እንደምንም ይወጣዋል፤ ዳገቱ ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። ክዳኑን ቀየርንለት፤ ዳነ።

ይህ ሥራ ለእኔ ምን እንደሆነ ልጁ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔው ልናገር። የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የወንድማማች መዋጮ፣ የተሸጠ ከብት፣ የባንክ ዕዳ አለበት። ቴስታታ ሲወርድ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ያን ፊት በከንቱ ማየት አልወድም። የሌሊቱ ጥበቃም ጠባዬን ገርቶታል። ወጣት ሳለሁ ለሁሉ ነገር መልስ ነበረኝ። አሁን ቤት ውስጥ ክርክር ሲነሳ «ነገ ጠዋት ይታያል» ስል ባለቤቴ ትስቃለች፤ ጋራዡን ወደ ቤት አመጣኸው ትላለች። ልጆቼ ግን ይህን ጠባዬን አይወዱትም፤ በተለይ ገንዘብ ሲጠይቁኝ።

ሹፌሮች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ውሃ የሚቀንስ መኪና ወደ ጋራዥ ስታመጡ ሞተሩን አታሳጥቡት። የተነነ ውሃ ባመለጠበት ቦታ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል፤ እጥበት መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው።