ቮልስ በትልቅ ጫማ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስን ማስጌጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል፤ እንግዲያው እንደ ማንኛውም ጥበብ ሊተች ይገባዋል። ቀለሙን እንተወው፤ ቢጫም ሆነ ጥቁር የባለቤቱ ምርጫ ነው። እኔ የማነሣው እግሯን ነው። ፋብሪካው በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ቀጭን ጎማ አድርጎ የላካትን መኪና አንዱ 17 ኢንች የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር ያጠልቅላታል፤ ሌላው የፒክአፕ ጎማ ገጥሞ ከመሬት ያንጠለጥላታል።

ከውበቱ እንጀምር። ቮልስ የክብ ነገሮች ድርሰት ናት። ጣራዋ ይጎብጣል፣ መብራቶቿ ክብ ናቸው፣ አራቱ ፓራፋንጎዎች ከገላዋ ወጣ ብለው እንደ ቅንድብ ጎማዎቹን ይጋርዳሉ። በዚያ ቅንድብ ሥር ጎማው ቀጭንና ጥቁር ሲሆን ገላዋ ይሞላል። ቸርኬው ሲሰፋ ግን ገላዋ ያንሳል፤ ዐይን በቅድሚያ የሚያርፈው በብረቱ ላይ ነውና መኪናዋ የቸርኬ መደርደሪያ ሆና ትቀራለች። እንዲህ ያለው ማጌጥ ለእኔ የአገር ልብስ ለብሶ በቡትስ ጫማ ሠርግ እንደመሄድ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው መኪና እንደነበር ማን ይረሳል? የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ አብቅታለች።

«መኪናው የግሌ ነው» የሚል አይጠፋም። መንገዱስ? ለዚህ ሙግት ከቦሌ አስፋልት ይልቅ የጣርማ በርን ቁልቁለት እመርጣለሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከበሳው ዋሻ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የይፋት ቆላ ይገባል። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ቮልስ ቆላን ያለ ራዲያተር ጭንቀት ትችላለች። ችግሩ ሞተሩ አይደለም፤ ፍሬኑ ነው።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። ለቮልስ የሚስማማው 165/80 ባለ 15 ጎማ ቁመቱ 645 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በምትኩ 215/75 ባለ 15 ቢገጠም ወደ 703 ይደርሳል፤ ዘጠኝ በመቶ ጨመረ ማለት ነው። የቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያ ገመድ የሚዞረው በግራ የፊት እግር ነውና ሰዓቱ 80 ሲል መኪናዋ 87 ትሮጣለች። ጎማው በረዘመ መጠን ያው ፍሬን መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ይቀንሳል። በሁለተኛ ማርሽ ይዞ መውረድም እንደ ቀድሞው አያግዝም። የጋለ ታምቡር ሲሰፋ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ከፊት ደግሞ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ ከሥር የከብት መንጋ አለ።

ባለ 17ቱስ? 205/50 ጎማ ከለበሰ ቁመቱ 637 ነው፤ ሰዓቱንና ማርሹን ብዙም አይነካም። የጎማው ጎን ግን ከ132 ሚሊ ሜትር ወደ 102 ይወርዳል፤ ጉድጓዱን ድሮ ጎማው ይውጠው ነበር፣ አሁን ቸርኬው ይቀበለዋል። የቮልስ ቸርኬ ቀድሞ በአምስት ብሎን፣ ኋላ በአራት የሚታሰር ነው፤ የብሎኖቹ ርቀት ከዛሬዎቹ ቸርኬዎች ጋር ስለማይገጥም መሐል ላይ ማገናኛ ሳህን ይገባል። ሳህኑ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ይፍቃል።

ይህን ስል ቮልስ ሙዚየም ትግባ ማለቴ አይደለም። አሮጌዋን አድሶ መንዳት ብልህነት ነው። የድሮውን ጎማ በራዲያል የለወጠ ደግ አደረገ። ፋብሪካውም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአውሮፓው ባለ 1500 ሞዴል የፊት ዲስክ ፍሬን ሰጥቷል፤ ገንዘቡን በዚያ ላይ ያዋለ ሰው ዘመናዊ አደረጋት ቢል አልከራከረውም። ዲስኩ ግን ከፋብሪካው ቸርኬ ጀርባ ተደብቆ ስለሚቀር ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ገዢ ያጣውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።