ለማን ተዘፈነ? ስለ አውስትራልያ ነጻ ሙዚቀኞች ነጠላ ዜማዎች

በጥናት ክበባችን ዘፈንን የምንመዝንበት አንድ የቆየ ልማድ አለ። ዘፈኑ ተሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ይላል?» የሚል ነው። መልእክቱ ቀና ከሆነ ዘፈኑ ያልፋል፤ ካልሆነ ይወድቃል። በዚህ ልማድ እኛም ለብዙ ጊዜ ሠርተንበታል። ባለፈው ክረምት ግን ከአባሎቻችን አንዱ ከሜልበርን ሲመለስ የአውስትራልያ ነጻ ሙዚቀኞችን ነጠላ ዜማዎች ይዞልን መጣ። ከመካከላቸው በ1976 የታተመ ሸክላ አለ፤ በስልክ ካልሆነ በቀር የማይገኝ የቅርብ ጊዜ ዘፈንም አለ። ሦስት ምሽት ሙሉ ሰማናቸው፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ተከራከርንባቸው። በመጨረሻ የደረስንበት ሐሳብ የቀድሞው መመዘኛችን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ነጻ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያምታታል። በሙዚቃው ንግድ ዓለም ነጻ የሚባለው ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ጋር ያልተዋዋለ፣ ሥራውን በራሱ ገንዘብ ወይም በአነስተኛ አሳታሚ በኩል የሚያወጣ ሙዚቀኛ ነው። ይህ የባለቤትነት ትርጉም ነው፤ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የሆነ ሰውም ሊንቀው አይችልም። ይሁን እንጂ የማሳተሚያው ባለቤት ማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጎን ሌላ ጥያቄ አለ። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት በዐይነ ኅሊናው ፊት የተቀመጠው አድማጭ ማን ነው? በእኛ ግምት የነጠላ ዜማ ነጻነት ከውሉ ወረቀት ይልቅ በዚህ ይታወቃል።

በ1976 በክዊንስላንድ ዋና ከተማ በብሪስበን የሚኖሩ «ዘ ሴይንትስ» የተባሉ ወጣቶች የሚያሳትምላቸው ቢያጡ «ፌታል ሬከርድስ» የሚል ስም ለራሳቸው አውጥተው «አይም ስትራንድድ» የተሰኘውን ዘፈን በ500 ሸክላ አሳተሙ። ርእሱ «መውጫ አጥቼ ቀርቻለሁ» እንደ ማለት ነው። ዘፋኙ ክሪስ ቤይሊ ከአየርላንዳውያን ወላጆች በኬንያ ተወልዶ፣ በቤልፋስት አድጎ፣ በልጅነቱ ወደ ብሪስበን የመጣ ሰው ነበር፤ ጊታር መቺው ኤድ ኩፐርም የተወለደው በጀርመን አገር ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ርእስ የመረጡት ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ነበሩ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ጊታሩ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው አያርፍም፤ ድምፁ ደግሞ የተቆጣ ሳይሆን የተሰላቸ ነው። የዘፈኑን ኃይል የሚያመጣው ይኸው መሰልቸት መሆኑን ልብ እንበል። ቁጣ ሰሚ ይፈልጋል፤ የተሰላቸ ሰው ግን ማንም እንደማይሰማው ዐውቆ ነው የሚናገረው።

ከአገራቸው ይልቅ ቀድማ የሰማቻቸው ለንደን ናት። «ሳውንድስ» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘፈኑን ከሳምንቱ ሁሉ በላይ አድርጎ አሞገሰው፤ የኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ የለንደን ጽሕፈት ቤትም የሲድኒው ቅርንጫፍ እንዲያስፈርማቸው አደረገ። በ1977 ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸውም የመጀመሪያው ቡድን ተበተነ። ከክበባችን አባላት አንዱ «እነዚህስ ለለንደን የዘፈኑ ናቸው» ሲል ተከራክሮ ነበር። እኛ አንስማማም። ዘፈኑ የተሠራው ለብሪስበን ዳርቻ ሰፈሮች ነው፤ ለንደን ጣልቃ ገብታ ሰማችው እንጂ አልተላከላትም። የሚያሳዝነው ግን በገዛ ከተማቸው የሚሰማቸው ጆሮ የተገኘው ከባሕር ማዶ ምስክር ከመጣ በኋላ መሆኑ ነው። ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም።

የብሪስበን ጆሮ ጨርሶ ተደፍኖ ነበር ማለትም አይቻልም። ክዊንስላንድን ከ1968 እስከ 1987 የገዛው ጆ ብየልኬ ፒተርሰን በ1977 የጎዳና ሰልፍን እስከ መከልከል የደረሰ ሰው ነው። ይህን አገዛዝ የሚቃወሙ ተማሪዎች በዲሴምበር 1975 ከክዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ውስጥ ፎር ትሪፕል ዜድ የተባለ የራዲዮ ጣቢያ ከፍተው ነበር። የንግድ ጣቢያዎች የሚጸየፉትን ሙዚቃ አየር ላይ የሚያውል፣ ሰልፈኛ ሲታሰር ወሬውን የሚያሰማ ጣቢያ ነበር። በ1988 ጣቢያውን ከሕንፃው ያስወጣው ፖሊስ አልነበረም፤ አመራሩ በሌላ ወገን እጅ የገባው ያው የተማሪዎች ማኅበር ነው። ጣቢያው ቦታ ቀይሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህን ታሪክ የማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ አባላት ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እንጋብዛለን።

ወደ ዋናው ነገራችን የሚያደርሰን በ1983 የወጣው የዋሩምፒ ባንድ ሸክላ ነው። ፓፑንያ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በበረሃ ውስጥ የምትገኝ መንደር ናት። መንግሥት የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች፣ ፒንቱፒዎችንና ሉሪጃዎችን ሌሎችንም ጭምር፣ ከየምድራቸው አንሥቶ በአንድነት ያሰፈረባት ቦታ ናት። በዚያች መንደር ሁለት ወንድማማቾች፣ ለማስተማር የመጣ ኒል መሪ የተባለ ነጭ ወጣትና ከሰሜኑ ባሕር ዳርቻ፣ ከኤልቾ ደሴት የመጣ አንድ ዘፋኝ ባንድ አቋቋሙ። ሲድኒ የሚገኘው አነስተኛ አሳታሚ ሆት ሬከርድስ «ጄይላንጉሩ ፓካርኑ» የተሰኘውን ነጠላ ዜማቸውን አወጣላቸው። በአውስትራልያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የተዘፈነ የመጀመሪያው የሮክ ነጠላ ሸክላ ይኸው ነው።

የርእሱ ትርጉም «ከእስር ቤት ወጥቶ» ማለት ነው። ቃሉን ጠጋ ብለን እንመርምረው። «ጄይል» እስር ቤትን የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን «ንጉሩ» ደግሞ በሉሪጃ ቋንቋ የእኛን «ከ» የሚተካ ቅጥያ ነው። ሕዝቡ ለእስር ቤት የራሱ ቃል አልነበረውም፤ ከአሳሪው ተዋሰ። የቋንቋው ሰዋስው ግን የተዋሰውን ቃል ተቀብሎ መውጫ በር ሠራለት። አማርኛችንስ «ከርቸሌ»ን ከጣልያንኛ ተውሶ የለምን? በአንዲት ቃል ውስጥ ይህን ያህል ታሪክ የሚጭን ዘፈን መፈክር አያስፈልገውም። ዘፈኑም መፈክር የለበትም። ቀላል፣ ለጭፈራ የሚመች የሮክ ምት ነው፤ ታስሮ ስለ ተፈታ ሰው ወደ ወገኖቹ መመለስ ይናገራል። ማንንም አይከስም፤ ማንንም አያስረዳም። የአገሪቱ መንግሥት ነባር ሕዝቦች በእስር ላይ ሳሉ ስለ መሞታቸው የሚመረምር ኮሚሽን ያቋቋመው ከዚህ ዘፈን አራት ዓመት በኋላ በ1987 ነው፤ ኮሚሽኑ 99 ሞቶችን መርምሮ በ1991 ዘገባውን አቀረበ። የፓፑንያ ሰዎች ዘገባውን አልጠበቁም። እስር ቤቱ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነበርና የሚዘፍኑት፣ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ «የራስ ባህል ንጽሕና» እያሉ ለሚከራከሩ ጓዶቻችን አንድ ነገር እንበል። በሉሪጃ የዘፈነው ሰው የሉሪጃ ተወላጅ አልነበረም፤ ዮልንጉ ነው፤ የራሱ ቋንቋ ሌላ ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ ነጭ ነው። ጊታሩና ድራሙ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። ንጽሕና የሚባል ነገር በዚህ ሸክላ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። የሚገኘው የአድማጩ ማንነት ነው፤ እርሱ ግን ምንም አያጠራጥርም።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ሊሆን ባልተገባ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተምን ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ብቻ የሰጠውን የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ያሳተመው ለፓሪስ ወይም ለኒው ዮርክ ሰው አልነበረም፤ ማታ ማታ ለሚጨፍረው የአዲስ አበባ ሰው ነበር። በ1975 እርሱም እንደ እኛ ስደተኛ ሆኖ ወደ አሜሪካ ወጣ። የውጭው ዓለም እነዚያን ሸክላዎች በብዛት ማድመጥ የጀመረው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲታተሙ ነው። የዋሩምፒንና የአምሃን ሸክላዎች ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ስለሚመሳሰሉ አይደለም፤ በዜማም በኑሮም ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሁለቱም ግን ለጎረቤት ተዘፍነው ሩቅ ደርሰዋል።

ስለ ኮርትኒ ባርኔት ባጭሩ እንናገራለን። ይህች የሜልበርን ሙዚቀኛ በ2012 «ሚልክ ሬከርድስ» የሚባል የራሷን ማሳተሚያ ከፈተች፤ በ2013 «አቫንት ጋርድነር» የተባለው ነጠላ ዜማዋ ስሟን ከአገሯ ውጭ አስጠራ። በሙቀት ቀን የአትክልት ቦታዋን ልታጸዳ ወጥታ ትንፋሽ አጥሯት በአምቡላንስ የተወሰደች ሴት ታሪክ ነው፤ በዘፈንና በወሬ መካከል ባለ ድምፅ ይነገራል። ከእኛ መካከል ጥቂቶች «የምቾት ልጅ ወሬ» ብለው ናቁት። ተሳስተዋል። ስለ ትንሽ ነገር በትክክል መናገር ስለ ትልቅ ነገር በግምት ከመናገር ይሻላል። ማሳተሚያዋ ግን በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ ማሰራጫ በዓመት ከ1000 ጊዜ ባነሰ ለተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። የዘ ሴይንትስ 500 ሸክላዎች እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢደመጡ ኖሮ በዚህ ሕግ ዋጋ ቢስ በሆኑ ነበር። ዛሬ ማንም ሰው በመኝታ ክፍሉ ሆኖ ነጠላ ዜማ ያወጣል፤ የማሳተሙ በር ተከፍቷል። ጥቂት ለሆነ ሕዝብ በቋንቋው የሚዘፍን ሰው የሚኖርበት በር ግን ያን ያህል የተከፈተ አይመስለንም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚፈተነው «ኤ.ቢ. ኦሪጅናል» በተባሉት ሁለት የነባር ሕዝቦች ራፐሮች፣ በብሪግስና በትራያልስ ዘፈን ነው። በ2016 ያወጡት ዘፈን ርእሱ «ጃንዋሪ 26» ይባላል፤ በ1788 የእንግሊዝ መርከቦች የደረሱበትና አገሪቱ እንደ ብሔራዊ በዓል የምታከብረው ቀን ነው። ይህ ዘፈን ለጎረቤት አልተዘፈነም፤ ለበዓል አክባሪው ብዙኃን ፊት ለፊት የተነገረ ነው። እየቀለደ ይሰድባል፤ እያስጨፈረ ያሳፍራል። ትሪፕል ጄ የተባለው የሕዝብ ራዲዮ አድማጮች የ2016ን 100 ምርጥ ዘፈኖች ሲመርጡ 16ኛ ሆነ፤ የምርጫው ውጤት የተሰማውም በዚያው በጃንዋሪ 26 ቀን ነበር። ጣቢያው ከ2018 ጀምሮ የምርጫውን ቀን ለወጠ። ዘፈኑ ብቻውን ለወጠው አንልም፤ ክርክሩ ከዘፈኑ በፊት የነበረ ነው። ብሔራዊው በዓል ግን ከቀኑ አልተነቃነቀም። በኦክቶበር 2023 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም የነባር ሕዝቦች አማካሪ አካል በሕገ መንግሥቱ እንዲቋቋም የቀረበው ሐሳብ ከመቶ 60 በሚሆን ድምፅ ተጣለ። የአካሉ ስም «ድምፅ» ይባል ነበር። በአማርኛ የሚሰማውንም የሚቆጠረውንም «ድምፅ» እያልን የምንጠራ እኛ፣ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም።

ታዲያ መመዘኛችን ወደቀ ማለት ነው? በክበባችን ውስጥ እንዲህ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ዘፈኑን ደጋግመን ስንሰማው ሁለት አድማጮች እንዳሉት ተረዳን። ስድቡ ለአንደኛው ይነገራል፤ ሳቁ ግን ለሌላው ነው። የሚስቁት የራሳቸው ወገኖች ባይኖሩ ዘፈኑ ደረቅ አቤቱታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከአዲሶቹ መካከል ብዙ ያከራከረን ኪንግ ስቲንግሬይ ነው። የባንዱ ዘፋኝ በ1991 «ትሪቲ» በተባለው ዘፈን የታወቀው የዮቱ ይንዲ መሪ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ነው፤ ጊታር መቺውም የዚያው ባንድ አባል ልጅ ነው። በ2020 «ሄይ ዋንሃካ»ን፣ በ2021 «ጌት ሚ አውት»ን በነጠላ አወጡ፤ የመጀመሪያው አልበማቸው የ2022ን የአውስትራልያ የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል። ይዳኪ የተባለው ከተቦረቦረ ግንድ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያና የዮልንጉ ቋንቋ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያለ ጭንቀት አብረው ይሄዳሉ። «ጌት ሚ አውት» በከተማ ውስጥ ሆኖ አገሩን የናፈቀ ሰው ዘፈን ነው፤ ሦስቱንም ምሽት ተጠይቆ የተደገመ እርሱ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም። ሆኖም ነቀፌታ አለን። የእንግሊዝኛው አዝማች ለትልቅ ሜዳ ሕዝብ እንዲመች ሆኖ የተስተካከለ ነው፤ ማንም ከየትም መጥቶ አብሮ ሊያዜመው ይችላል። በዮልንጉ ቋንቋ የሚዘፈነው ክፍል ሲመጣ ግን ዘፋኙ ድምፁን አይቀንስም፣ አይጠብቀንምም። ናፍቆቱን ያመንነው እዚያ ላይ ነው፤ አንድም ቃል ሳይገባን።

በራሳችን ምሽቶች የሚነበቡትን ግጥሞች ወደ እንግሊዝኛ እየመለስን ለአገሩ ሰው የምናድልበት ልማድ አለን። ከዚህ ክርክር በኋላ አንዲት ገጣሚ እኅታችን ባለፈው ወር ያነበበችውን ግጥም እንዳይተረጎም ጠይቃለች። ኮሚቴው ገና አልወሰነም።

የዋሩምፒን ሸክላ ስንገለብጥ በጀርባው «ኪንቶርላኩቱ» የሚል ዘፈን አለ። «ላኩቱ» «ወደ» ማለት ነው፤ ኪንቶር ደግሞ ፒንቱፒዎች በ1981 ፓፑንያን ለቀው ወደ ጥንት ምድራቸው ሲመለሱ የሰፈሩበት ቦታ ነው። በአንዱ ገጽ «ከ»፣ በሌላው «ወደ» ተጽፏል። የክበባችን ማጫወቻ አሮጌ ስለሆነ ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ ይዘላል፤ የተሻለ ማጫወቻ ያላችሁ አባሎች ብታውሱን ሙሉውን ለመስማት ፈቃደኞች ነን።