ቶርኖው ከወጣ ግድግዳው ምን ይነግረናል?

ስለ አሮጌ መርከብ መሥሪያዎች ሲወራ «እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እንጭኒ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ መርከብ ማሰብ እውነትም ግራ ያጋባል። ጥያቄው ግን የባሕር አይደለም፦ ትልቅ ሥራ ይሠራበት የነበረ አዳራሽ፣ ሥራው ሲያልቅ ምን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ አገራችን ውስጥ አለ፤ የድሬዳዋ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ። (የምጠቅሳቸው የአገራችን ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ውል ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ በ1895 አሁን ድሬዳዋ ከምንለው ቦታ ደረሰ። ሐረር ለምን አልገባም? ምክንያቱ ተራራው ነው። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ ከባድ ጭነት በትንሽ ጉልበት ይጎተታል፤ ግን ያው ሰበቃ ማነሱ ዳገት ላይ ጠላት ነው፣ ጎማው ይንሸራተታል። ተራ ባቡር በ100 ሜትር ጉዞ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ መውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሀዲዱ ሐረርን ተራራው ላይ ትቶ ከታች አለፈ፤ ከተማ ተወለደ። ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ጊዜ የሀዲዱ ጫፍ ድሬዳዋ ነበረች፤ ጥገናውም እዚያው ሰፈረ። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶችም የዚያው የባቡር ሥራ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። የጥገና አዳራሽን ቅርጽ የሚወስነው ውስጡ የሚሠራው ሥራ ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ እንዲበዛ አይፈለግም፤ ሎኮሞቲቭ ይገባላ! ሀዲዶቹ መሐል የሚቆፈረው ጉድጓድ ሠራተኛው ከሥር ቆሞ ሆዱን እንዲያይ ነው። ቶርኖ የሚተከልበት ወለል ወፍራም የሚሆነው ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ የሚቆረጠው ብረት እንዳይበላሽ ነው። ሕንፃው መጽሐፍ ከሆነ ፊደሎቹ እነዚህ ናቸው፤ ቶርኖውን አውጥታችሁ ጉድጓዱን በሴራሚክ ስትደፍኑት የሚቀረው ባዶ ሽፋን ነው።

የድሬዳዋው ወርክሾፕ ታላቅነትም ግድግዳው አይመስለኝም። መለዋወጫ ከፈረንሳይ መምጣቱ ሲቀር ሠራተኞቹ የጎደለውን ራሳቸው ቀረጹ። ቶርኖ ላይ ቆሞ አንድ የተበላ ዕቃ ለክቶ፣ ድሮ ምን ያህል እንደነበር ገምቶ አዲሱን ማውጣት ምሕንድስና ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ እንጂ በወረቀት አይቀመጥም።

በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ። በአሮጌው ሀዲድ በሁለቱ ብረቶች መሐል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። 43.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ! ግን አሮጌው ባቡር አዲሱ መስመር ላይ መቆም እንኳን አይችልም። ያ ሁሉ ማሽንና ሙያ ዋና ሥራውን አጣ ማለት ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ቅርስ ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ፊት ለፊቱ ነው። አዲስ አበባ ያለውን ጣቢያ ውሰዱ። በ1922 የተመረቀ ቆንጆ ሕንፃ ነው፤ «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያ፣ የመጣ ነው። በ2011 በዙሪያው ትልቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሲሆን ሕንፃው በቅርስነት እንደሚቆይ ተነገረ። ጥሩ። ግን ሀዲድ የሌለው፣ ባቡር የማይመጣበት፣ በፎቆች የተከበበ ጣቢያ ምኑን ጣቢያ ሆነ? ፎቶ መነሻ ይሆናል፣ ሌላ ምን? እኔ ብመርጥ ከፊት ለፊቱ ውበት ይልቅ ጥቂት ሜትር ሀዲድና አንድ ፉርጎ እዚያው ቦታቸው ላይ ቢቀሩ ይሻለኛል።

የተሻለ የሠራ አለ? አምስተርዳም ውስጥ ኤንዲኤስኤም የሚባል መርከብ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሰረ። ግዙፉን አዳራሽ አላፈረሱትም፤ አልከፋፈሉትም። ጣሪያውን እንዳለ ትተው ከሥሩ ትናንሽ ሱቅ የሚያካክሉ መሥሪያ ክፍሎች ሠሩና ሠዓሊውም አናጢውም ገባበት። ዛሬም መዶሻ ይሰማበታል። የድሮው ክሬን ደግሞ ሦስት ክፍል ያለው ውድ ሆቴል ሆኗል፤ እሱ እንኳን ብዙም አልማረከኝም፣ ክሬኑን ያንቀሳቀሰ ሰው ደሞዝ ለአንድ አዳር አይበቃም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አዳራሹ ግን ለድሬዳዋ ትምህርት ነው። ቶርኖና ፍሬዛ ያለበት፣ ብየዳ የሚቻልበት ቦታ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ ከሙዚየም በላይ ነው። ጎብኚም ይግባ፣ ክፍያም ይኑር፤ ተማሪው ግን ማሽኑ ላይ ይቁም። ጡረተኛው ባለሙያ በሕይወት እያለ አጠገቡ ቆሞ እጁን የሚያይ ወጣት ካልተገኘ፣ ማሽኑ ዝገት ሳይነካው እንኳን ድዳ ይሆናል። ለዚህ ደግሞ እንደ ግድግዳው ሃምሳ ዓመት መጠበቅ አይቻልም።

ለእንጭኒ ልጆች አንድ የቤት ሥራ ልተው። በዚያው በአዳአ በርጋ ያለው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1976 ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ዘንበል ብሎ ቀስ እያለ የሚዞር ረጅም የብረት ቱቦ አለ፤ ውስጡ ድንጋዩ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል። ዛሬ ማንም ቅርስ አይለውም፣ አቧራ ነው የሚለው። እዚያ የሠራ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ እሳቱ ሲበላሽ በምን እንደሚያውቅ ጠይቁትና መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።